የመረቅሁት ቦይ ውባንቺ ጓዳ ገባ

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ
የላይ ገበያና የታች ሰፈር መንገድና ጎርፍ መውረጃ ሥራ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ በእጅዎ ስትገባ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በመልካም ጤና፣ በደረቅ ወለል ላይ፣ ከማያፈስ ጣሪያ ሥር እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የዘንድሮው ክረምት ጠንከር ስላለ ስለ እርስዎ ሳስብ መሰንበቴን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ቢሮዎ ፎቅ ላይ መሆኑን ስሰማ ግን ተጽናናሁ፤ ጎርፍ ደረጃ መውጣት እንደማይችል የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ይመሰክራልና።

ምናልባት ስሜ ጠፍቶብዎ ከሆነ፣ እኔ ከላይ ገበያ መታጠፊያው ላይ ማር የምሸጠው ዓለምነህ ነኝ። ስሜ ቢጠፋብዎ እንኳ መልኬ አይጠፋብዎትም፤ በጽሕፈት ቤትዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ሲመርቅ የሚታየው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ከሥሬ «ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በደስታ ተቀበለው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከበስተኋላዬም ማሲንቆ ይሰማል። በስብሰባው ላይ ማሲንቆ አልነበረም፤ ስለዚህ የጨመራችሁልኝ እናንተ ናችሁ ማለት ነው። አምሮብኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምርቃቴ በአደባባይ ከወጣ ዘንድ ቅሬታዬ በጓዳ ይቅር ማለት ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ ይህንንም ደብዳቤ ልጄ ሶስና በዚያው በፌስቡክ እንድታወጣልኝ ነግሬያታለሁ። ማሲንቆ ብትጨምሩበት አልቃወምም።

አንደኛ፤ ስለ ስብሰባው ላመስግን። ከተማችን እያደገች መሆኗን ማንም አይክድም። ትናንት ገብስ ይታጨድበት በነበረ ተረተር ላይ ዛሬ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ከጽጽቃውም፣ ከሰሃላውም፣ ከኒሯቁም የመጣው ሰው በየዳገቱ ቤት ይሠራል። እንዲህ ያለ ከተማ ፕላን ያስፈልገዋል፤ ፕላን ደግሞ ሰው ሳይሰበሰብበት አያምርም፤ እርስዎም ሰበሰቡን። ለሁላችንም ወንበር ነበረ፤ ለእኔማ ከፊተኛው መስመር፣ ከታሸገ ውሃ ጋር። ባለሙያዎ ፕላኑን በግድግዳው ላይ ሲያሳየን የመስኮቱ ብርሃን ሥዕሉን ውጦት ስለነበር ያየነው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ሆኖም «አያችሁ?» ስንባል «አየን» አልን፤ አንገታችንንም እንዳየ ሰው ነቀነቅን። ይህ የጽሕፈት ቤትዎ ጥፋት አይደለም። አላየንም ለማለት የሚያበቃ ድፍረት ያን ዕለት አንዳችንም ከቤታችን ይዘን አልመጣንም ነበር፤ እድሜዬ ከሁሉ ስለሚበልጥ ይዞ መምጣት የነበረበት ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፕላኑ። ቦዩ ከላይ ገበያ ተነሥቶ በመንገዱ ዳር በእኔ በር በኩል ያልፋል፤ አልፎም ቁልቁል ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ ወይዘሮ ውባንቺ አጥር ሥር ሲደርስ ያልቃል። ወንዙ ያለው ከእሷ ቤት ወዲያ ነው። ቀሪው «በሁለተኛው ምዕራፍ» እንደሚሠራ፣ ሁለተኛው ምዕራፍም በጀት ሲፈቀድ እንደሚጀመር በጥሩ አማርኛ ተነግሮናል። ለጎርፉ ግን ይህን ያስረዳው ባለሙያ ያለ አይመስለኝም፤ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደ፣ የበጀት ዓመቱን መለወጥ እንኳ ሳይጠብቅ፣ ቦዩ ካለቀበት ተነሥቶ ጉዞውን በራሱ ወጪ ቀጠለ።

ውባንቺን ስለማያውቋት ልንገርዎት። ከሰሃላ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ በገበያ ጨውና በርበሬ የምትቸረችር ሴት ናት። ያቺን ቤት የሠራችው አንድ ልጇ ካሳ ባሕር ተሻግሮ፣ በዓረብ በረሃ የሰው ፍየል እየጠበቀ በላከላት ነው። ድንጋዩን ከወንዝ ያመላለሰችው እሷ ናት፤ ጭቃውንም የረገጠችው እሷ ናት። ካሳ ቤቱን ገና በአካል አላየውም። የሚያውቀው በስልክ ነው፤ ለጥምቀት መጥቶ ሊገባበት ቀን እየቆጠረ ነው። ሐምሌ ላይ የኋላው ግድግዳ ሲናድ ውባንቺ ለልጇ አልነገረችውም። በምስል ሲደውል ወደ ደጅ ወጥታ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ቆማ ነው የምታነጋግረው፤ የፊት ለፊቱ ደኅና ነዋ።

ያ ቦታ በፕላናችሁ ላይ አረንጓዴ ቀለም መቀባቱን፣ ትርጉሙም ሰው የሌለበት የሣር መሬት ማለት መሆኑን ዘግይቼ ሰማሁ። ለክቡርነትዎ የምሥራች ልንገር፦ ከተናደው ግድግዳ ወዲህ በውባንቺ ጓዳ ውስጥ ሣር መብቀል ጀምሯል። ፕላናችሁ ቀስ በቀስ እውነት እየሆነ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መስተንግዶው። ግድግዳው በተናደ ማግስት ውባንቺ አቤት ልትል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥታ ነበር። በሩ ላይ የጫማዋን ጭቃ እንድታራግፍ በትሕትና እንደተነገራት አጫውታኛለች። ጭቃው ከቦያችሁ የመጣ ስለሆነ ንብረታችሁን ልትመልስ የመጣች መስሏችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ከዚያ በኋላ አንድ ጨዋ ወጣት ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ እስክትጨርስም ሰማት፤ ስለዚህም አመሰግነዋለሁ። ሰምቶ ሲያበቃ ግን ስልኩን አውጥቶ እኔን አሳያት። «እናቴ፣ ይኸው በሽማግሌ ተመርቋል እኮ፤ ሕዝቡም አሜን ብሏል፤ እርስዎም ይኸው አሜን ሲሉ ይታያሉ» አላት። እውነቱን ነው፣ ይታያል። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጇን ገና እያወረደች፣ አሜን ስትል ትታያለች።

ከቢሮዎ ወጥታ የመጣችው ወደ እኔ ነው። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ለመልሱ ስዘጋጅ፣ «አያ ዓለምነህ፣ ለካ በስልክም ላይ አሉ! ድምፅዎ ሲያምር!» አለችኝና የመጣችበትን ነገረችኝ። ቢወቅሱት የሚመልሰው የማያጣ ሰው ነኝ፤ ባትወቅሰኝ ግን የምገባበት ጠፋኝ።

አራተኛውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በእርስዎ ላይ ስላልሆነ በእርስዎ መዝገብ ባይቆጠር ይሻላል።

እርስዎ በትምህርት ብዙ ዘመን ከአገር ርቀው ስለቆዩ ላያውቁት የሚችሉት አንድ ሥርዓት አለን። እኛ ሰፈር ሰው ተሰብስቦ የመከረበት ነገር የሚቋጨው በምርቃት ነው። ምርቃት ከወረደ በኋላ ነገሩን መልሶ የሚያነሣ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል፤ በበረከቱ ላይ የተነሣ ያህል ነው። ይህ ሥርዓት ሰውን እንዳያፍን አባቶቻችን ለመራቂው አንድ ግዴታ አኑረውለታል። መራቂው አፉን ለምርቃት ከመክፈቱ በፊት ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደ ዳር ወደተቀመጡት ያዞራል፤ «ቃል የቀረው ሰው አለ ወይ?» ብሎም በአማርኛና በአገሬው አገውኛ በኽምጣንጋ ይጠይቃል። መልስ ካለ ይሰማል፤ ከሌለ ይመርቃል። እርስዎ ከዚህ ሥርዓት ግማሹን ጠንቅቀው እንደሚያውቁት ያን ዕለት ተረድቻለሁ። ከኋላ ጉርምርምታ ሲነሣ ወደ እኔ ዘወር ብለው በድምፅ ማጉያው «አሁን አባታችን ይመርቁንና ወደ ምሳ እንሄዳለን» አሉ። ብልሃትዎን አደንቃለሁ። የቀረው ግማሽ የእኔ ድርሻ ነበር።

አልጠየቅሁም።

ለምን እንዳልጠየቅሁ ለራሴ ብዙ ምክንያት ስደረድር ከርሜያለሁ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር፤ የጥብሱ ሽታ በጓሮ በር እየገባ ሰዉን ያቁነጠንጠው ነበር፤ በድምፅ ማጉያ «አባታችን» መባልም ለካ እንደ ጠጅ ራስ ላይ ይወጣል። ሰፈርተኛው ሲቀልድብኝ አፈ ማር ይለኛል፤ ቀልዱን እንደ ማዕርግ ይዤው መኖሬን ዘንድሮ ነው ያወቅሁት። ይህ ሁሉ ምክንያት ግን አንዱን ነገር አይሸፍንልኝም። ውባንቺ እጇን አንሥታ ነበር፤ እኔም አይቻታለሁ። የምትለውን በኽምጣንጋ አሰናድታ በአማርኛ ልታወጣው ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ጭምር አይቻለሁ። ዓይን ለዓይንም ተጋጥመናል። ከዚያ እኔ ዓይኔን ወደ ሰማይ አነሣሁ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣ መራቂ ሰው አላይ አለ ብሎ ማን ይታዘበዋል? «ቦዩን የበረከት ያድርግልን፣ ውሃውን የሰላም መንገድ ያሲዝልን» አልሁ። እጇን አወረደች፤ አሜንም አለች።

እዚህ ላይ ባቆም ደብዳቤው ያምርልኝ ነበር፤ ሞኝ ሽማግሌ ተታለለ ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን አልተታለልሁም፣ ክቡር ሆይ። ቦዩ ከመሠራቱ በፊት ከላይ ገበያ የሚወርደው ጎርፍ በእኔ ግቢ አቋርጦ ነበር ከጓሮዬ ካለው አሮጌ ገደል የሚገባው። በየክረምቱ የማር ጋኖቼን ወደ ቆጥ ማውጣት፣ ከሱቄ ውሃ መቅዳት፣ ጭቃ መጥረግ የእኔ ዕጣ ነበር። ፕላኑ አልታየኝም ብያለሁ፤ አንድ ነገር ግን ያለ ፕሮጀክተር ቁልጭ ብሎ ታይቶኝ ነበር፦ ጎርፉ ከእንግዲህ በእኔ በር ማለፉን እንጂ መግባቱን አያውቅም። ከእኔ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም፤ መሄዱ በቃኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን ግን እያሳሳቀ ትቶኝ ሄደ። ዘንድሮ በእድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያዬን የሚመታውን ዝናብ በደስታ አዳመጥሁ። ያ የደስታ ዝናብ ነው የውባንቺን ግድግዳ የናደው።

ግድግዳውን ለማየት ቤቷ የወረድሁት ነሐሴ ገብቶ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ ሰው የሚያፍርበት ቦታ ላለመሄድ ሲፈልግ ጉልበቱ ይታዘዝለታል። ግድግዳው ባለበት ሸራ ተወጥሯል። አልጋዋ ወደ በሩ ተስቧል፤ ከሥሩ ድንጋይ ገብቶለታል። እንደቆምን ስልኳ ጮኸ፤ ካሳ ነበር። እጄን ይዛ ፈጠን ብላ ወደ ደጅ አወጣችኝና ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር አቆመችኝ። «አያ ዓለምነህ መጥተውልኛል» አለችው። ልጁ በረሃ ያጠቆረው ፊቱ በደስታ በራና «አያ፣ ቤታችንን እንዴት አዩት?» አለኝ። እናቱ በዓይኗ ትለምነኝ ነበር። «ያምራል፣ ልጄ፤ ያምራል» አልሁት። «እንግዲያማ ይመርቁልኝ» አለኝ። መረቅሁለት። ለፈረሰ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በማላየው በረሃ ለቆመ ልጅ፣ ያንኑ እጅ ዘርግቼ መረቅሁለት። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያን ዕለት ከእኔ የወሰዱት አንድ ምርቃት ነው፤ ሁለተኛውን ግን ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ያለ ጥብስ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማር ሊገዛ የመጣ ሰው «ይመርቁን» ሲለኝ ሂሳቡን ተቀብዬ ማሩን አስይዤ እሸኘዋለሁ እንጂ አልመርቅም።

ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ ላይ በተደጋጋሚ የተጠቀሰውን የኅብረተሰብ ተሳትፎ በራሳችን ለመጀመር ተገደድን። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰፈርተኛውን ሱቄ ደጅ ሰብስቤ ነገሩን ሁሉ፣ አሁን ለእርስዎ እንደጻፍሁት፣ ለጎረቤቶቼ ተናገርሁ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ ከላይ በኩል የምንኖረው ሁላችን በየልባችን ያን የደስታ ዝናብ አዳምጠነዋልና። ከዚያ በዶማና በድጅኖ ከደጄ በላይ ያለውን የቦዩን ግንብ ከፍተን ውሃው እንደ ድሮው በእኔ ግቢ በኩል ወደ ገደሉ እንዲሄድ አደረግን። ጎረቤቴ ምንዋጋው ግንቡን ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ስለነበር ድንጋዩን እያዘነ ነው ያወረደው፤ በመንገዱ ዳርም በሥርዓት ደርድሮላችኋል፤ ሰው ልካችሁ ብታነሡት አንዱም አልጎደለም። የመንግሥት ሥራ አፍርሳችኋል የምትሉ ከሆነ፣ ያፈረስሁት እኔ ዓለምነህ ነኝ፤ የምገኘውም እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው። ስትመጡ ግን ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።

ምክንያቱም ማክሰኞ ዕለት ዘነበ። ጎርፉ የድሮ መንገዱን አልረሳም፤ እንደ ዘመድ ሰተት ብሎ ገባ። ግቢዬን ሞልቶ ሱቄ ሲደርስ እኔ ከጋኖቼ ጋር ስታገል፣ ባልዲ ይዞ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ ሰው ማን ይመስልዎታል? ውባንቺ ናት። ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ ገባችና «አያ፣ እርስዎ ጋኑን ወደ ላይ ያንሡ፤ ውሃውን ለእኔ ይተውልኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ተምሬዋለሁ» አለችኝ። እየቀዳች ታፈሳለች፤ እየቀዳች ታፈሳለች። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ለእናንተ ቦይ ያላጠረኝ ቃል ለእሷ አጠረኝ። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጎንበስ ብላ መቅዳቷን ቀጠለች።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህን ነው። ቦዩ ወንዝ ይድረስ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ይሁን በሦስተኛው ስሙ አይጨንቀንም። እስከዚያው ጎርፉን እኔ አስተናግደዋለሁ፣ የቆየ ትውውቅ አለን። የውባንቺ የኋላ ግድግዳ ግን ከጥምቀት በፊት ይቁምላት። ድንጋይ ማመላለሱን ጀምረናል፤ ከእናንተ የምንጠብቀው ያ ቦታ አረንጓዴ ስለሆነ መሥራት ክልክል ነው የሚል ሰው እንዳትልኩብን ብቻ ነው። ካሳ ሲመጣ እናቱን ከቤቱ በስተኋላ በኩል ያቅፋት ዘንድ እፈልጋለሁ። ያንን ምርቃቴንም ከገጻችሁ አውርዱልኝ፤ ልጁ በበረሃ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ያየዋል፣ «አያ ሲመርቁ አየሁዎት» እያለም ይጽፍልኛል። ይህችንም ደብዳቤ ሶስና የምታወጣት ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው፤ ልጁ ነገሩን ከእናቱ ሳይሰማ በስልክ እንዳያነበው።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፍዎት፤ ወለልዎን ያድርቅልዎት፤ ከቢሮዎ መስኮት የሚታየውን ዝናብ የሚያዩት እንጂ የሚቀዱት አያድርግብዎት እያልሁ፣

ከወገቤ በታች እርጥብ፣ ከወገቤ በላይ በአክብሮት የተሞላሁ፣
ለልማታችሁ ድምቀት የዋልሁ፣ ለጎረቤቴ ግን ያልዋልሁ፣
ዓለምነህ ማር ሻጩ
ከላይ ገበያ መታጠፊያ፣ ሰቆጣ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወር ለወዲያኛው ሰፈር ቦይ የሕዝብ ውይይት እንደጠራችሁና «አያ ዓለምነህ ጤና አጥተዋል» ተብሎ ሌላ መራቂ ሽማግሌ እየተፈለገ መሆኑን ሰምቻለሁ። አቶ ይስማውን እጠቁማለሁ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ቃሉም ይቆራረጣል፤ ለፌስቡክ እምብዛም አይመችም። ቤቱ ግን ያ አዲሱ ቦይ ከሚያልቅበት በታች ስለሆነ ለምርቃቱ አይቸኩልም። ከጎርፍ በላይ የሚኖር ሰው ምርቃት አያልቅበትም፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ።